አሥራ አራት ፓስፖርትና አንድ ፈረሰኛ

እኔ ማራኪ ሰብስቤ ጀማነህ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ነዋሪነቴ በኦሃዮ ግዛት በኮለምበስ ከተማ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ በሚገኘው በአባቴ ቤት የሆነው፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬ ሳይጎድል፣ ሆዴም ሞልቶ፣ ዛሬ እሑድ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት የሚከተለውን በእግዚአብሔርና በሁለት ምስክሮች ፊት እናዘዛለሁ፦ ፈረሰኛውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ሆዴ የሞላበትም ምክንያት ይኸው ነው። ዛሬ በቤታችን ሦስት ዶሮ ተሠርቷል። ከአንድ ዶሮ ከሚወጡት አሥራ ሁለት ብልቶች ፈረሰኛው ለቤቱ ትልቅ ወይም ለተከበረ እንግዳ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። አንደኛው ለፓስተራችን፣ ሁለተኛው ለአያቴ ለአባባ ጀማነህ፣ ትልቁ ደግሞ ለዕለቱ የክብር እንግዳ ለክቡር አቶ ፍቅሬ ተመድቦ ነበር። ትልቁን በላሁት። ጣፋጭ ነበር። አጥንቱ በናፕኪን ተጠቅልሎ በእናቴ ቦት ጫማ ውስጥ ይገኛል፤ ማስረጃ ስለሆነ እንዳይጣል።

ይህ ኑዛዜ የሚጻፈው በወላጆቼ መኝታ ክፍል፣ ክሎዜት ውስጥ፣ በአባቴ ሱፎች ሥር ነው። ወለሉ ላይ የማሞቂያው አየር መውጫ አለ፤ ከታች ሳሎን የሚነገረው ሁሉ ከሞቀው አየር ጋር ወደዚህ ይወጣል። አንደኛ ምስክር ወንድሜ ባርኮት ሲሆን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁለተኛዋ ጓደኛዬ ሐዊ ናት፤ ዶሮ አለ ሲባል ከክሊንተንቪል መጣች። አባባ ጀማነህ እንደሚሉት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል። ከእኛ ሌላ እዚህ ያለው ቫኪዩም ክሊነሩ ብቻ ስለሆነ የሁለቱ ቦታ ክፍት ይቆይ። ምስክሮቼ ፊደል ስለማይቆጥሩ እኔው እየተናገርኩ እኔው እጽፋለሁ።

«አር ዊ ዳይንግ?» አለ ባርኮት።

«እኔ ብቻ» አልኩት።

የሞቴ መንስኤ እናቴ ትሆናለች። በቤታችን ሕግ «ማራኪዬ» ከተባልኩ እንግዳ አለ፤ «ማራኪ» ከተባልኩ ሥራ አለ፤ «ማራኪ ሰብስቤ» ከተባልኩ ግን አልቆልኛል። ዛሬ ከታች ሊፈጸም ያለው ነገር ሲፈጸም በሙሉ ስሜ እንደምጠራ አልጠራጠርም።

ይህን አማርኛ ከየት አመጣሽው የሚል ቢኖር፣ አባባ ጀማነህ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጠው ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ማመልከቻ የጻፉ ናቸው። በሰባት ዓመቴ ወደዚህ ስንመጣ እንግሊዝኛው እንዳይበላኝ ብለው፣ ማታ ማታ የድሮ ማመልከቻዎቻቸውን ቅጂ እያነበቡ አስተኙኝ። ሌላው ልጅ ስለ ጥንቸልና ስለ ዝንጀሮ ሲሰማ እኔ ስለ ድንበር ክርክር ሰማሁ። በዚህም የተነሣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ቅጽ ሁሉ በእኔ እጅ ይሞላል። ችግሩም የጀመረው ከዚሁ ነው።

አንደኛ። የተደራራቢው አልጋ ላይኛው ክፍል ለወንድሜ ለባርኮት ይሁን፤ ካልሲውን ትራስ ሥር ማኖሩን ከተወ። ካልተወ ለቫኪዩም ክሊነሩ ይሁን።

ሁለተኛ። ጥቁሩን ሁዲዬን ለሐዊ አወርሳለሁ። ከመስከረም ጀምሮ የምትለብሰው እሷ ስለሆነች ይህን የምጽፈው ለወጉ ያህል ነው። የጆሮ ማዳመጫዬንም ትውሰድ።

«ቻርጀሩስ?» አለች።

ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ቻርጀር የሚጠይቅ ወዳጅ ለጠላቴም አይስጠው። ቻርጀሩም ይሁንላት።

ሦስተኛ። ቅጽ የመሙላት ሥራዬን ለማንም አላወርስም። ምክንያቱን እገልጻለሁ።

ክቡር አቶ ፍቅሬ የቆንስላው የኮለምበስ ተወካይ ናቸው፤ እዚሁ ከከተማችን ጥግ፣ ደብሊን በሚባለው ሰፈር ሰፊ ቤት አላቸው። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ይቀመጣሉ። ፓስፖርቱ ያለፈበት ሰው ቅጹን እኔ እሞላለታለሁ፤ እሳቸው አሮጌውን ፓስፖርት ተቀብለው ወደ ቆንስላው ይልካሉ፤ አዲሱ ታትሞ በእሳቸው አድራሻ ይመጣል። መቼ? «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይላሉ። በጋም ክረምትም ፕሮሰስ ላይ ነው።

ፕሮሰሱ ላይ እያለ ደግሞ ሰውዬውን ማስቀየም አይገባም። ስለዚህ ጋሼ ኤባ በበጋ ሣራቸውን ያጭዳሉ፣ በክረምት በረዷቸውን ይጠርጋሉ። ቢሩክ ሺፍቱን እያስቀየረ ኤርፖርት ያደርሳቸዋል፣ ይቀበላቸዋል፣ ሻንጣቸውን ያወጣል። እትዬ ዘርፌ በየቅዳሜው ቤታቸውን ታጸዳለች፤ ግብዣ ሲኖርም ታበስላለች። የዛሬውን ዶሮ እኛ ቤት የሠራችው እሷ ናት፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሽንኩርት ላይ ናት።

ሰውዬው ማንንም አዘው አያውቁም። ይህን በሐቅ እመሰክርላቸዋለሁ። «ሣሩ አደገ እኮ» ይላሉ፤ ሰው ይነሣል። «ነገ በረራ አለብኝ» ይላሉ፤ ሰው የመኪና ቁልፍ ያነሣል። «ፓስፖርቴስ የት ደረሰ?» ብሎ ሁለቴ የሚጠይቅ የለም፤ ነውር ነው። ሰው ምን ይለኛል፣ እሳቸውስ ምን ይሉኛል እያለ አንድ ማኅበር ሙሉ ሰው ወገቡን ያጎብጣል። እያንዳንዱም ነገሩን ከሌላው ይደብቃል፤ ከቆንስላው ጋር የግል መስመር ያለው እሱ ብቻ ይመስለዋላ! ጋሼ ኤባ ለአባዬ «እኔንማ ያቀርቡኛል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚያቀርቧቸው ለሣር ማጨጃው ነበር።

እነዚህ እኮ እኛን «ተናገሩ፣ አትፈሩ፣ አገሩ አሜሪካ ነው» ብለው ያሳደጉን ሰዎች ናቸው። 

ትናንት ቅዳሜ እትዬ ዘርፌ ወገቧን ስላመማት አብሬያት ደብሊን ሄድኩ። የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ከሌሊት ሺፍት ወጥታ ቀጥታ ነው የመጣችው። እሷ የሰውዬውን መታጠቢያ ገንዳ እየፈተገች ትዘምራለች፤ እኔን «ቢሮውን አቧራ ጥረጊ፣ ላይ ላዩን» አለችኝ። ወንበር ላይ ወጣሁ። ከመደርደሪያው ጫፍ የጫማ ሳጥን አለ። ሳጥን የተሠራው ለመከፈት ስለሆነ ከፈትኩት።

አሥራ አራት አዳዲስ ፓስፖርት። በላስቲክ ታስሮ። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ በእጅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ። ጋሼ ኤባ፦ «ሣር፣ በረዶ»። ቢሩክ፦ «ኤርፖርት»። እትዬ ዘርፌ፦ «ጽዳት፤ እስከ ገና»።

እስከ ገና! አሮጌውን ጃንዋሪ ላይ ሰጠች፤ አዲሱ ማርች ላይ ታትሟል። ዘጠኝ ወር ሙሉ በየሳምንቱ የምታጸዳው ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት!

ያን ጊዜ ብነግራት «መልሺው፤ እሳቸው በእጃቸው ሲሰጡኝ ይሻላል» እንደምትለኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ሳጥኑን በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። ስርቆት ነው የሚል ቢኖር፣ የሰውን ንብረት ለባለቤቱ ማድረስ ምን እንደሚባል አባባ ጀማነህን ይጠይቅ።

አራተኛ። አሥራ አራቱ ፓስፖርቶች እንደሚከተለው ይከፋፈሉ። ስምንቱ ባለቤቶች ዛሬ እንግዶቻችን ናቸው፤ ኮታቸው እዚሁ መኝታ ክፍል አልጋው ላይ ተቆልሏል። የእያንዳንዱን በየኮቱ ኪስ ከትቻለሁ። የጋሼ ኤባ ኪስ ውስጥ ሦስት ከረሜላ አግኝቼ አንዱን ወስጃለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። አራቱ ዛሬ ስላልመጡ ከባርኮት አልጋ ሥር ይገኛሉ፤ ሐዊ ታድርስ። አንዱ የአባቴ ነው፤ አሁን ከራሴ በላይ በተሰቀለው ግራጫ ሱፉ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። የእትዬ ዘርፌ ግን በእጄ ቀርቷል። ኮቷ አልጋው ላይ የለም። እሷ እንግዳ ስላልሆነች በጋራዡ በር ነው የገባችው።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ላቋርጥ፤ ከታች ድምፅ አለ።

«ዘርፌ፣ የክቡርነታቸው ፈረሰኛ የታለ?» እናቴ ናት።

«ሦስቱንም ቆጥሬ ነው የጨመርኩት፣ እቴ።»

«ሁለት ነው እኮ ያለው!»

ከዚያ ወፍራሙ ድምፅ መጣ፦ «ተዋት፣ ተዋት! ዘርፊቱ ስትቀምሰው አልቆባት ይሆናላ! እኔም ቤት ስታጸዳ ቸኮሌት ይጎድላል።»

ሳቁ። ጋሼ ኤባ ሳቁ። ፓስተሩም ሳቁ። የአባቴን ሳቅ ደግሞ ከሺህ ሳቅ መሀል እለየዋለሁ።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ» አለች እትዬ ዘርፌ።

ሐዊ እጄን ያዘችኝ። ባርኮት እንኳ «ዛት ኢዝ ሚን» አለ፤ ክፋት ነው ማለቱ ነው። ቸኮሌቱንም የበላሁት እኔ መሆኔ ይመዝገብ፤ ትናንት፣ ሁለት ፍሬ።

አምስተኛ። ይህኛው ከሁሉ ይበልጣል። አንቱታዬን ከሰውዬው ላይ ገፍፌ ለእትዬ ዘርፌ አወርሳለሁ። ከዚህ መስመር ጀምሮ ፍቅሬ እሱ ነው፤ እትዬ ዘርፌ እሳቸው ናቸው። ይህ ውርስ አይሻርም።

ስድስተኛ። ዕዳዬን በተመለከተ። የማንም ገንዘብ የለብኝም፤ ያለብኝ የእትዬ ዘርፌ ነው። ቅጻቸውን የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። «በቅርቡ ይደርሳል፣ እትዬ» ያልኳቸውም እኔ ነኝ። እናታቸው አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ናቸው፤ በዚህ ዓመት ዓይናቸው ጠፋ። ስልክ ሲደወል «ድምፅሽንማ ሰማሁት፤ እጅሽን አምጪና ልዳብሰው» ይላሉ። እትዬ ዘርፌ ይህን እየነገሩኝ ስቀው ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። በየወሩ መጨረሻ «ምን አለሽ፣ ልጄ?» ሲሉኝ የሰውዬውን ድምፅ አስመስዬ፣ ሆዴን ነፍቼ፣ «ፕሮሰስ ላይ ነው!» እላቸዋለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ጎበዝ ቀልደኛ ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ሰውዬው አስጠልቶኛል፤ ሽማግሌዎቹም አስጠልተውኛል፤ የዚያች ቀልደኛ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። ይህን ዕዳ በምን እንደምከፍል አላውቅም። ፈረሰኛው በእሳቸው ላይ እንዳይቀር ቢያንስ ከላይ ጽፌያለሁ።

ሰባተኛ። ለአባቴ ለአቶ ሰብስቤ ምክር። አባዬ፣ የዛሬው ግብዣ ሰብሳቢ አንተ ነህ። ለሰውዬው የምስጋና ወረቀት እንዲሰጥ ያሰብከው አንተ፤ ቃሉን የነገርከኝ አንተ፤ በወፍራም ወረቀት ላይ የጻፍኩት እኔ። አንደኛውን ገጽ እንዳልከኝ ነው የጻፍኩት፣ አንድ «ክቡር» እንኳ አልጎደለም። ሁለተኛው ገጽ የእኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አሥራ አራቱን ቢጫ ወረቀቶች አንድ በአንድ ለጠፍኳቸው፤ በየጎናቸው የባለቤቱን ስምና ፓስፖርቱ የታተመበትን ቀን ጻፍኩ። ስብከቱ ስለ ዘኬዎስ ነበር። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

አባቴ የሚያነበውን አስቀድሞ አያይም፤ ማንበብ ከጀመረም አያቆምም። ባለፈው ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን የፓርኪንግ ማስታወቂያ ከሚያነባቸው የጸሎት ርዕሶች መሀል ገብቶበት እስከ ታርጋ ቁጥሩ አንብቦ «አሜን» አስብሎናል። ይህን ጠባዩን ነው የተማመንኩት።

አንድ ነገር ግን ጠዋት ሙሉ ሙጫውን ይዤ እንድቀመጥ አድርጎኛል። የአባቴም ቢጫ ወረቀት አለ። «ሰብስቤ፦ ሌሎቹን ዝም ያሰኛል» ይላል።

ልቀደው አስቤ ነበር። ሰው ቅሬታ ሲያነሣ «ተዉ፣ ይደርሳል፣ ሰውዬውን አታስቀይሙ» የሚለው እውነትም አባቴ ነው፤ በየዋህነቱ ነው። እንደ ሣርና እንደ በረዶ ተቆጥሮ በሳጥን ውስጥ መቀመጡን አያውቅም። ብቀደው እኔም ዝም አሰኘሁ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ለጠፍኩት። አባዬ፣ እዚያ ስትደርስ ድምፅህን አታውርድ። ምክሬ ይኸው ነው።

ጀመረ። ጉሮሮውን ጠረገ።

አንደኛውን ገጽ አነበበ። አጨበጨቡ። ገጹ ሲገለጥ እዚህ ድረስ ተሰማ።

«ክቡርነታቸው ያገለገሏቸው... አይ፣ ክቡርነታቸውን ያገለገሉ ወገኖች ዝርዝር። ኤባ። ፓስፖርቱ የታተመበት፣ ፌብሩዋሪ 11። ማስታወሻ፦ ሣር፣ በረዶ።»

«ምን አልክ?» አሉ ጋሼ ኤባ።

«ቢሩክ። ኤፕሪል 2። ማስታወሻ፦ ኤርፖርት።» አባቴ አያቆምም አላልኩም? «ዘርፌ። ማርች 4። ማስታወሻ፦ ጽዳት፤ እስከ ገና።»

ከታች ሰሃን ላይ ማንኪያ ወደቀ። የሚሰማው አባቴ ብቻ ነው፤ ስም፣ ቀን፣ ማስታወሻ፤ ስም፣ ቀን፣ ማስታወሻ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ቆመ። አባቴ ሲያቆም ሰምቼ አላውቅም። 

«ሰብስቤ» አለ። «ሜይ 20። ማስታወሻ፦ ሌሎቹን ዝም ያሰኛል።»

ድምፁን አላወረደም።

«የልጅ ጨዋታ ነው እኮ ይኼ፣ ጋሽ ሰብስቤ!» ፍቅሬ ሣቀ፤ ብቻውን ነው የሣቀው። «ልጆቻችሁ ፌዝ ጀመሩ ማለት ነው? እኔ የተጻፈውን አላውቀውም።»

ከዚያ የአባባ ጀማነህ ምርኩዝ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ።

«ወረቀቱን እስቲ ወዲህ በል፣ ሰብስቤ» አሉ። መነጽራቸውን እያደረጉ መሆን አለበት። «እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው እጅ ጽሕፈት ሳይ ኖሬያለሁ። ይኼ የልጅ እጅ አይደለም። የልጅ ልጄንም እስክርቢቶ ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ እጇን አውቀዋለሁ። እስክርቢቶ ስጡልኝ። ክቡርነትዎ፣ እዚህች ላይ አንዴ "ጽዳት" ብለው ይጻፉልኝ። አንድ ቃል ነው።»

ሐዊ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ፍቅሬ አልጻፈም። ወንበር ሲንቋቋ ሰማን። «እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም!» አለ። «የሁላችሁም ጉዳይ በእጄ መሆኑን አትርሱ። ዘርፌ፣ ኮቴን አምጪልኝ።»

ማንም አልተነሣም።

ቢሩክ አልተነሣም። ጋሼ ኤባ አልተነሡም፤ ሲነሡ ጉልበታቸው ይጮኻል፣ አልጮኸም። «ዘርፌ! ኮቴን አልኩ እኮ!» አለ ደግሞ። አባቴ ቀስ ብሎ «ኮትህ ከላይ ነው፤ ደረጃው ያውልህ» አለው። «ህ» አለው! ሐዊዬ፣ ሰማሽ? አባዬም አንቱታውን ገፈፈው!

ጊዜ የለኝም፤ ልፈርም። የቀረኝን ንብረት፣ ማለትም ይህን እስክርቢቶ፣ ለአባባ ጀማነህ መልሻለሁ። የስልኬን የሚስጥር ቁጥር ለማንም አልናገርም። ይህ ኑዛዜ ለምስክሮች ተነበበላቸው፤ ግማሹ ገባቸው፤ እንደሚከተለው ፈረሙ።

ተናዛዥ፦ ማራኪ ሰብስቤ ጀማነህ።

አንደኛ ምስክር፦ ባርኮት ሰብስቤ፤ ዳይኖሰር ሥሎ ፈርሟል።

ሁለተኛ ምስክር፦ ሐዊ፤ በግራ እጇ።

ሦስተኛ ምስክር፦

ደረጃው ላይ እግር አለ። የሰውዬው አይደለም፤ የእሱ ጫማ ቋ ቋ ይላል። የእናቴም አይደለም፤ እናቴ ሁለት ሁለት ደረጃ ትዘላለች። ይኼ እጀታውን ተደግፎ፣ በየደረጃው እያረፈ፣ አንድ አንድ የሚወጣ እግር ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው እግር ነው።

ኮቱን ሊወስዱለት ነው የመጡት? እባክዎ አይሁን። እባክዎ፣ እትዬ።

መኝታ ክፍሉ በር ተከፈተ። የሽንኩርት ሽታ ገባ። አልጋው አጠገብ ቆሙ። የሰውዬው ጥቁር ረዥም ኮት ከክምሩ አናት ነው፤ እጃቸውን ዘርግተው ብቻ የሚያነሡት ነው።

አላነሡትም። ወደ ክሎዜቱ ዞሩ። ባርኮት «አይ አም ሃንግሪ» አለ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ጊዜ የሚመርጠው። ፓስፖርታቸው በግራ እጄ ነው፤ እስክርቢቶው በቀኜ። በሩ ተንሸራተተ፤ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ገባ፤ እትዬ ዘርፌ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው እያደረቁ ወደ ታች አዩኝና

«ማራኪዬ» አሉ።